ከስክሪኑ ጥግ የሚወጣው ማስታወቂያ አልጠፋ አለ፤ አንቲቫይረስም ምንም አላገኘም

ጀማሪ21

ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ የቤት ዴስክቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 10፣ 4 ጊጋ ራም፣ ብሮውዘሩ ክሮም። ሦስት ነገር አስቸግሯል።

አንደኛ፣ በስክሪኑ በስተቀኝ ታች ጥግ ላይ «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሳጥን በየ10 ደቂቃው ብቅ ይላል። ክሮም ተዘግቶም ይመጣል። ሁለተኛ፣ ኳስ በነጻ በሚያሳዩ ሳይቶች ላይ የማጫወቻው ምልክት ሲነካ ሌላ ታብ ይከፈትና የቁማር ገጽ ይመጣል። ሦስተኛ፣ በአድራሻ መጻፊያው ላይ የተፈለገ ነገር ሁሉ ውጤቱ የሚወጣው በጉግል ሳይሆን በማይታወቅ የፍለጋ ገጽ ነው። ማንም ያልጫነው ኤክስቴንሽንም (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አለ፤ «ሪሙቭ» የሚለው ቁልፍ የለውም።

እስካሁን የተሞከረው፦ በዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ሙሉ ስካን (ምንም አልተገኘም)፣ ሂስትሪና ኩኪ ማጥፋት፣ አንድ አድብሎከር (ማስታወቂያ ማገጃ) መጫን። ለውጥ የለም። ፎርማት ከማድረጌ በፊት ምን ልሞክር?

ስክሪን_ጥገና

ወንድሜ፣ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የገቡበት በር ስለሚለያይ በአንድ መድኃኒት አይድኑም። ከቀላሉ እንጀምር።

ጥግ ላይ የሚወጣው ሳጥን በአብዛኛው ቫይረስ አይደለም፤ የሳይት ኖቲፊኬሽን ነው። ከቤቱ ሰው አንዱ የሆነ ሳይት ላይ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» ሲባል ተጭኗል። ያ ቁልፍ የሚያረጋግጠው ነገር የለም፤ ሳይቱ በፈለገው ሰዓት መልእክት እንዲልክ ፈቃድ መስጫ ነው። አንቲቫይረሱ ዝም ያለውም ለዚህ ነው። ዲስኩ ላይ የተቀመጠ መጥፎ ፋይል የለም፤ ያለው በገዛ እጅ የተሰጠ ፈቃድ ነው። አድብሎከሩም አያየውም፤ የሚያጸዳው ገጽ ውስጥ ያለውን ማስታወቂያ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ከገጽ ውጪ በዊንዶውስ በኩል ነው የሚመጣው።

ለማረጋገጥ፣ ሳጥኑ ሲወጣ ቶሎ አትዝጋው። በላዩ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብብ። «ጉግል ክሮም» የሚል ስምና የማታውቀው ሳይት አድራሻ ካለበት ጉዳዩ አለቀ። ሳጥኑን መሃል ላይ ግን አትንካው፤ ወደ ማጭበርበሪያው ገጽ ይወስድሃል። የሚነካው የ«ኤክስ» ምልክቷ ብቻ ነች።

ማጥፊያው እንዲህ ነው። ክሮም ላይ ሦስቱ ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። (ክሮምህ በአማርኛ ከሆነ ቅንብሮች፣ ግላዊነት እና ደህንነት፣ የጣቢያ ቅንብሮች፣ ማሳወቂያዎች።) ወደ ታች ስትወርድ ፈቃድ የተሰጣቸው ሳይቶች ዝርዝር ይመጣል። የማታውቀው ሁሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነህ «ብሎክ» በለው። «ሪሙቭ» ካልከው ግን ሳይቱ ከዝርዝሩ ይወጣና ሌላ ቀን ደግሞ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ብሎክ ያልከው ግን ተመልሶ አይጠይቅም። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሰህ ሳይቶች ጨርሶ ፈቃድ እንዳይጠይቁ የሚያደርገውን ምርጫ ምረጥ። ለቤት ኮምፒውተር ምንም አይጎዳም፤ የኢሜይል ማሳወቂያ የምትፈልግ ከሆነ እሱን ብቻ «አላው» ውስጥ ጨምረው።

ኤጅንም (ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ብሮውዘር) አትርሳ። ብዙ ሰው ክሮምን አጽድቶ ሳጥኑ አሁንም ሲመጣ ግራ ይገባዋል፤ ፈቃዱ ኤጅ ውስጥም አለ ማለት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ የሳይት ፈቃዶች ያሉበት ክፍል ገብተህ ኖቲፊኬሽንስን ፈልግ።

ክሮም ተዘግቶ የሚመጣበት ምክንያት፣ መስኮቱ ቢዘጋም ፕሮግራሙ ከጀርባ ስለሚቀጥል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም የሚለው ክፍል ገብተህ ክሮም ከተዘጋ በኋላም የጀርባ አፖች ይቀጥሉ የሚለውን አጥፋው። 4 ጊጋ ራም ላለው ማሽን ይህ ብቻውን እፎይታ ነው።

የቢሾፍቱ_ልጅ

ለምን ትደክማለህ፣ ፎርማት አድርገህ ተገላገል። ግማሽ ቀን ነው።

ኖድ

ከላይ ላለው ፎርማት ባይ፦ ፎርማት እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ልፋት ብቻ ነው። ዊንዶውስ እንደገና ተጭኖ በዚያው የጉግል አካውንት ሲገባ የክሮም ሲንክ (በአንድ አካውንት የገቡ መሣሪያዎችን የሚያመሳስለው) ኤክስቴንሽኑን ከነሴቲንጉ መልሶ ሊያወርደው ይችላል። በዚያ ላይ ከፎርማት በኋላ ያው ከሱቅ የመጣው ፍላሽ ይሰካና ዊንዶውስ አክቲቬት ማድረጊያው፣ የተሰነጠቀው (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተደረገው) ዳውንሎድ ማኔጀር፣ የተሰነጠቀው የአማርኛ መጻፊያ በየተራ ይጫናሉ። ችግሩ የመጣው ደግሞ ከእነዚያው ነው። የተሰነጠቀ ፕሮግራም ሲጫን መጀመሪያ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚለው ለምን ይመስልሃል?

ለአማርኛ መጻፊያ ሲባል አደጋ መግባት ከሁሉም ያሳዝነኛል። ዊንዶውስ 10 የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ላንጉዌጅ ውስጥ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። እሱ ካልተመቸ ኪማን ነጻ ነው፣ ከራሱ ሳይት ይወርዳል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፤ ሥራ ያለው እዚህ ነው። «ሪሙቭ» የሌለው ኤክስቴንሽን ማለት ክሮምን «ይህ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ነው፣ አስተዳዳሪው ይህን ኤክስቴንሽን የግድ አስጭኗል» ብሎ ያሳመነ ፕሮግራም አለ ማለት ነው። ይህ ለድርጅቶች የተሠራ ትክክለኛ አገልግሎት ነው፤ አድዌሩ (ማስታወቂያ የሚያመጣው ፕሮግራም) በውሰት ተጠቀመበት። ሦስቱን ነጥቦች ስትጫን ከዝርዝሩ ግርጌ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» የሚል ጽሑፍ ካለ ማስረጃው እሱ ነው። አድራሻ መጻፊያው ላይ ክሮም፣ ኮለን፣ ሁለት ስላሽ፣ ፖሊሲ ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍና ግባ። ንጹሕ የቤት ማሽን ከሆነ ገጹ ባዶ ነው። አንዳንድ አንቲቫይረስም መስመር ይጨምራል፤ አንተ የምትፈልገው ግን «ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ፎርስሊስት» (የግድ የሚጫኑ ኤክስቴንሽኖች ዝርዝር) የሚል መስመር ነው።

ካለ እዚሁ ንገረን። መጀመሪያ ግን በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፣ አትቀያይረው።

የክሮም ሲንክን አጥፋ። ሳታጠፋ ካጸዳህ ሌላው መሣሪያህ ቆሻሻውን ይመልስልሃል።

ቀጥሎ የዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ አፕስ ኤንድ ፊቸርስ ግባና ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ደርድረው። ችግሩ በጀመረበት ሳምንት የገቡትን ተመልከት። «ፒሲ አፋጣኝ»፣ «ድራይቨር አሻሻይ»፣ «ኩፖን ፈላጊ»፣ ነጻ ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ ማንም ያልጫነው «ብሮውዘር» ካለ አንኢንስቶል አድርግ። አንዳንዶቹ ሲነቀሉ «እርግጠኛ ነህ? አቆየው» እያሉ ቁልፎቹን አገላብጠው ያስቀምጣሉ፤ ረጋ ብለህ አንብብ።

ከዚያ አድክሊነር አውርድ፤ የማልዌርባይትስ ነው፣ ከእነሱ ሳይት ብቻ። ነጻ ነው፣ መጫን አያስፈልገውም፣ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም። ክፍት ሥራህን ሴቭ አድርግ፤ ሲያጸዳ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ይዘጋል። ስካን፣ ከዚያ ኳራንቲን፣ ከዚያ ሪስታርት። ከፋብሪካ አብረው የመጡ ፕሮግራሞችን ለብቻ ያሳይሃል፤ እነሱ ማስታወቂያ አያመጡም፣ ሳትመርጣቸው እለፍ።

በየድረ ገጹ «የክሮምን የራሱን ማጽጃ ተጠቀም» የሚል ምክር ታገኛለህ። ጊዜው አልፎበታል፤ ጉግል ያንን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 አንስቶታል። ገጹ ያንን የሚልህ ከሆነ ሌላውም ምክሩ አሮጌ ነው ብለህ ጠርጥር።

ጀማሪ21

አመሰግናለሁ። የጥጉ ሳጥን ቆመ፤ ክሮም ውስጥ 11 ሳይት፣ ኤጅ ውስጥ 2 ተገኘ። አድክሊነር ሁለት ነገር አግኝቶ አጸዳ። ፖሊሲ ገጹ ላይ ግን ያ «ፎርስሊስት» የተባለው መስመር አለ፤ ኤክስቴንሽኑም አልወጣም። ቀጥሎስ?

ኖድ

ጥሩ። ፖሊሲ ገጹ ላይ «ቫልዩ» ከሚለው ሥር 32 የእንግሊዝኛ ፊደላት ተያይዘው ታያለህ። የኤክስቴንሽኑ መታወቂያ ነው። ክሮም፣ ኤክስቴንሽንስ ገጽ ላይ ዴቨሎፐር ሞድን ብታበራ የእያንዳንዱ መታወቂያ ይታይሃል፤ ያው መሆኑን አስተያይ።

አሁን ዊንዶውስ ቁልፍና «አር» ተጫን፣ ሬጅኤዲት ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ፤ ሬጅስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ ይከፍታል። ክሮምን ዝጋ። መንገዱ፦ ኤች-ኪ ሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል፣ ክሮም። ከመንካትህ በፊት «ክሮም» የሚለውን ፎልደር ራይት ክሊክ፣ ኤክስፖርት ብለህ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጥ፤ ነገር ቢበላሽ ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ ስታደርገው ወደነበረበት ይመልሰዋል። ከዚያ በውስጡ «ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ፎርስሊስት» የሚለውን ፎልደር ዲሊት አድርግ። ያንኑ መንገድ ኤች-ኪ ከረንት ዩዘር ሥርም ተመልከት፤ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ቦታ ይጽፋሉ። ለኤጅ ደግሞ ፖሊሲስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤጅ ነው።

ክሮምን ክፈት፣ ፖሊሲ ገጹ ላይ «ሪሎድ ፖሊሲስ» በል። መስመሩ ከጠፋ ኤክስቴንሽኑ ራሱ ይወጣል፣ ወይም «ሪሙቭ» ይመጣለታል።

ይህ ሁሉ ለቤት ማሽን ብቻ ነው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ አትንካው፤ ያንን ፖሊሲ ያስገባው የራሳቸው አይቲ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ፦ ካጠፋኸው በኋላ ሪስታርት አድርገህ እንደገና እይ። ተመልሶ ከመጣ የሚጽፈው ሌላ አካል አለ። ሁለት ቦታ ፈልግ።

አንዱ ታስክ ስኬጁለር ነው፤ ፕሮግራሞችን በቀጠሮ የሚያስነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ። በዊንዶውስ ፍለጋ ስሙን ጻፍ፣ ክፈት፣ በግራ «ታስክ ስኬጁለር ላይብረሪ» የሚለውን ተጫን። እያንዳንዱን መስመር መርጠህ ከታች «አክሽንስ» የሚለውን ታብ ተመልከት። ወይ ብሮውዘርን ከነድረ ገጽ አድራሻ የሚከፍት፣ ወይ ፓወርሼልን (የዊንዶውስ ትእዛዝ ማስኬጃ) ጠርቶ ስሙ ትርጉም የሌለው ፋይል የሚያስኬድ ካለ እሱ ነው። መጀመሪያ ዲሴብል አድርግ፣ አንድ ቀን ጠብቅ፣ ከዚያ ዲሊት። ስማቸውን ከዊንዶውስ ወይ ከጉግል አፕዴት ጋር ማመሳሰል ይወዳሉ፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን አክሽኑን እመን።

ሌላው ዊንዶውስ ውስጥ፣ ሲስተም 32 ሥር ያለው «ግሩፕ ፖሊሲ» የሚባል የተደበቀ ፎልደር ነው። የቤት ማሽን ላይ ውስጡ የፖሊሲ ፋይል ካለ በየጊዜው ሬጅስትሪውን መልሶ የሚሞላው እሱ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ አንሳው፣ ሪስታርት አድርግ፣ ሬጅስትሪውን እንደገና አጽዳ።

በመጨረሻ የክሮምን አዶ (ዴስክቶፕም ታስክባርም ላይ ያለውን) ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ በልና «ታርጌት» የሚለውን ሳጥን እስከ ጫፉ አንብብ። ከክሮም ዶት ኢኤክስኢ በኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ከተለጠፈበት ሰርዘው። «ፕሮፋይል ዳይሬክተሪ» የሚል ከሆነ ግን የክሮም የራሱ ነው፣ ተወው።

ይህ ካለቀ በኋላ ሴቲንግስ፣ ሪሴት ሴቲንግስ አድርግ። ቡክማርክ፣ ሂስትሪና የተቀመጠ ፓስዎርድ አይጠፋም፤ ኤክስቴንሽኖች ዲሴብል ይሆናሉ፣ የፍለጋ ሞተሩ ወደ ጉግል ይመለሳል፣ ኩኪዎች ስለሚጸዱ አካውንቶችህ ውስጥ እንደገና ትገባለህ። ሲንክን የምታበራው ከዚህ በኋላ ነው።

ሸማኔ

ኳስ ሳይቶቹ ላይ ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ልሞክር።

ክሮምም ፋየርፎክስም ፖፕ አፕ ማገጃ አብሯቸው የመጣ ነው፣ ሳትነካውም በርቷል። ታዲያ ለምን ያልፋል? ማገጃው የሚያቆመው ሳይነካ በራሱ የሚከፈተውን መስኮት ነው። ተጠቃሚው ክሊክ ካደረገ በኋላ የሚከፈተውን «ሰውየው ፈልጎት ነው» ብሎ ያሳልፋል፤ ካላሳለፈ ደግሞ የባንክ ክፍያ መስኮትና የመሳሰሉት አይሠሩም። ኳስ ሳይቶቹ ይህን ያውቃሉ። ከማጫወቻው ምልክት በላይ የማይታይ ብርጭቆ ነገር ይዘረጋሉ፤ የመጀመሪያው ክሊክ ብርጭቆው ላይ ያርፍና የቁማር ታብ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ነው ቪዲዮው ላይ የሚደርሰው። ማሽንህ ስለታመመ አይደለም፤ በንጹሕ ማሽንም ያው ነው። ስለዚህ የብሮውዘር ሴቲንግ አይፈታውም፣ ጥሩ አድብሎከር ነው የሚፈታው።

አድብሎከር ላይ ደግሞ ነገሩ ተቀይሯል። ለዓመታት ሁሉም የሚመክረው ዩብሎክ ኦሪጅን ነበር። ጉግል የኤክስቴንሽን ሕጉን ስለቀየረ እ.ኤ.አ. በ2025 ክሮም ላይ መሥራት አቁሟል። ክሮም ላይ ያለው ምትክ ከዚያው አዘጋጅ የመጣው ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት ነው። ለዜና ገጽ ይበቃል፤ ለኳስ ሳይት ግን ይደክማል። ከቤዚክ ወደ ኦፕቲማል ወይም ኮምፕሊት ብታሳድገው ይሻላል፤ ኤክስቴንሽኑን ተጭነህ የማጣሪያ ደረጃውን ማንሸራተት ነው።

የኔ ምክር፦ ለኳስና ለፊልም ሳይት ፋየርፎክስ ጫንና ሙሉውን ዩብሎክ ኦሪጅን እዚያ ተጠቀም። ዳሽቦርዱን ክፈት፣ ፊልተር ሊስትስ፣ «አኖያንስስ» የሚለው ምድብ ሲመጣ አልተመረጠም፤ ምረጠውና «አፕላይ» በል። ክሮም ለኢሜይልና ለባንክ ይሁን። አንድ አድብሎከር ብቻ። ሁለት ስታደርግ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ ቪዲዮም ይቆማል፣ 4 ጊጋው ራምም ያልቃል። መጀመሪያ የጫንከውን አውጣው።

ጥቅሙ ሰላም ብቻም አይደለም። ከስልክ ሆትስፖት ለሚጠቀም ሰው ያ የቁማር ታብ የሚያወርደው ቪዲዮ ከፓኬጅ ነው የሚቆረጠው።

ሳይቱ «ቪዲዮውን ለማየት ፕሌየር ጫን» ወይም «ብሮውዘርዎን አፕዴት ያድርጉ» ካለ ዝጋው። ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተቀብሯል፤ ዛሬ አፕዴቱን የሚያቀርብልህ ሌባ ብቻ ነው።

ኤፍ_ኮድ

በቤቱ ውስጥ ያሉት ስልኮችም ያንኑ የቁማር ገጽ ካሳዩስ? እኛ ቤት በኮምፒውተርም በስልክም ነው የሚመጣው፣ ዋይፋይ ላይ ስንሆን ብቻ። በሞባይል ዳታ አይመጣም።

ስክሪን_ጥገና

ያኛው ሌላ በሽታ ነው፤ ራውተሩን ተመልከት። የራውተሩ ፓስዎርድ ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ የሆነ ሰው ገብቶ ዲኤንኤሱን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ዲኤንኤስ ማለት የሳይት ስም ሲጻፍ ቁጥሩን የሚነግር አገልግሎት ነው፤ እሱ ከዋሸ ትክክለኛ አድራሻ ጽፈህም የተሳሳተ ቦታ ትደርሳለህ።

በብሮውዘር የራውተሩን ቁጥር ክፈት፤ በብዙዎቹ 192.168.1.1 ነው፣ የአንተ ከተለየ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ዲኤችሲፒ በሚለው ክፍል የዲኤንኤስ ቁጥሮቹን እይ። ዲኤንኤሱን የቀየረ ካለ ሪሴት ቁልፉን በመርፌ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፤ ነገር ግን የኢንተርኔት መግቢያ ስምና ፓስዎርድህን ሳትይዝ ይህን አታድርግ፣ ይጠፋል፤ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ለአቅራቢው ስትደውል ትውላለህ። ሪሴት ካደረግህ በኋላ መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድ ቀይር። ከዚያ ዋይፋዩን።

እግረ መንገድህን ዲኤንኤሱን 94.140.14.14 እና 94.140.15.15 ብታደርገው የአድጋርድ ነው፣ ነጻ ነው፣ የማስታወቂያ ሰርቨሮችን ስም ስለማይፈታ በቤቱ ያለ መሣሪያ ሁሉ ይጠቀማል። ሁለቱንም ቦታ በእነሱ ሙላ። ሰው አንዱን ሞልቶ ሁለተኛውን የኢንተርኔት አቅራቢው እንዲሆን ይተወዋል፤ መሣሪያው ሲፈልገው ሁለተኛውን ይጠይቃል፣ ማስታወቂያውም በዚያ ይመለሳል። የዩትዩብን ማስታወቂያ እንዲያቆም አትጠብቅ፤ ቪዲዮውም ማስታወቂያውም ከአንድ ቤት ስለሚመጡ በስም አይለያዩም።

ጀማሪ21

ፎርስሊስቱ ከሪስታርት በኋላ አልተመለሰም፤ ታስክ ስኬጁለር ውስጥ በፓወርሼል የሚነሳ አንድ ነበረ፣ ዲሴብል ተደርጓል። ፋየርፎክስም ተጭኗል። አንድ ጥያቄ ቀረችኝ፦ አልፎ አልፎ ስክሪኑን ሙሉ የሚይዝ ገጽ ይመጣል፣ ድምፅ ያሰማል፣ «ወደ ማይክሮሶፍት ይደውሉ» ብሎ ስልክ ቁጥር ይሰጣል፣ ማውሱም ይጠፋል። በዚህ መካከል ምን ይደረግ?

ኖድ

ድረ ገጽ ነው፤ ሙሉ ስክሪን ሆኖ አስፈራራ እንጂ ማሽኑን አልያዘውም። ማይክሮሶፍት በስህተት መልእክቱ ላይ ስልክ ቁጥር አይጽፍም፤ ቁጥር ካየህ ሌባ ነው።

ኢስኬፕን ተጭነህ ያዝ፤ ሙሉ ስክሪኑ ይለቃል። ካልለቀቀ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኢስኬፕ አንድ ላይ፤ ታስክ ማኔጀር ሲመጣ ብሮውዘሩን መርጠህ ኤንድ ታስክ በል። ብሮውዘሩን መልሰህ ስትከፍት «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ይልሃል። እምቢ በል፤ እሺ ካልክ ገጹ ተመልሶ ይመጣል።

ከቤተሰቡ አንዱ አስቀድሞ ደውሎ ከሆነና ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር (ሌላ ሰው ኮምፒውተሩን ከሩቅ እንዲቆጣጠር የሚያስችሉ ፕሮግራሞች) እንዲጭን ተደርጎ ከሆነ ግን ነገሩ የማስታወቂያ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ወዲያውኑ ኢንተርኔቱን አቋርጥ፣ ያንን ፕሮግራም አንኢንስቶል አድርግ፣ የኢሜይልና የባንክ ፓስዎርዶችን ከሌላ መሣሪያ ቀይር፣ በዚያ ማሽን ላይ የባንክ ገጽ ተከፍቶ ከነበረ ለባንኩ በዚያው ቀን ደውል። የቢሾፍቱ ልጅ ያለው ፎርማት ቦታው እዚህ ነው።

የቢሾፍቱ_ልጅ

በመጨረሻ ተሳካልኝ 😄

ሸማኔ

ጀማሪ21፣ ያን ዲሴብል ያደረግኸውን ታስክ ከመሰረዝህ በፊት አክሽኑ የሚያስነሳው ፋይል የት እንዳለ ጽፈህ ያዝ። ታስኩ ሲሰረዝ ፋይሉ አብሮ አይሄድም። ብዙ ጊዜ አፕዳታ ወይም ፕሮግራም ዳታ የሚባሉ ፎልደሮች ውስጥ ነው፤ ሁለቱም የተደበቁ ስለሆኑ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው፣ ሂድን አይተምስ የሚለውን ምልክት አድርግ። ፋይሉን ካገኘህ በኋላ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን አስኪድ፤ ማሽኑ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ፣ አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል ሥር፣ የማይፈለጉ አፖችን ማገጃው መብራቱንም እይ፤ ካልበራ አብራው፣ ሁለቱንም ሳጥኖች ምረጥ።